የበረገገ ፈረስና አለንጋ

ወጣት ፈረስ በርግጎ ሲቆም ብዙ ሰው ቶሎ የሚያነሳው አለንጋ ነው። ጉዳቱ ግን ዛሬ የታወቀ አይደለም። ግሪካዊው ዜኖፎን ከዒሳ (ዐ.ሰ) ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ ምክንያቱን አስረድቷል፤ ፈረሱ ከፈራው ነገር ፊት ሲገረፍ ሕመሙን ያመጣበት ያ ነገር ይመስለዋል፤ ፍርሃቱም ይብሳል። ስለዚህ ሰውየው የሚያስፈራውን ነገር ራሱ በእጁ ነክቶ ያሳየው፣ ፈረሱንም ቀስ አድርጎ ያስጠጋው ይላል። ውርንጭላውንም ጠባቂው በሰው ግርግር መካከል እየመራ ከልዩ ልዩ ድምፅ ጋር እንዲያላምደው፣ ከደነገጠም እንዲያባብለው እንጂ እንዳይቆጣው ይመክራል።

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመንስ? እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስቸጋሪ ግመል ላይ ሆና ወዲያና ወዲህ ስታመላልሰው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገርነትን እንድትይዝ እንዳዘዟት ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። ይህ ስለ ግመል ነው። ስለ ፈረስ ደግሞ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት አለ። ለውድድር ተቀልበው የተዘጋጁት ፈረሶች ከሐፍያእ እስከ ሰኒየቱል ወዳዕ 5 ወይም 6 ማይል ሮጡ። ያልተዘጋጁት ግን ከሰኒየቱል ወዳዕ እስከ በኒ ዙረይቅ መስጊድ፣ 1 ማይል ያህል ብቻ። ልብ በሉ፤ ልዩነቱ የአካል ዝግጅት ነው፣ የድፍረት አይደለም። ሆኖም ያልደረሰው ፈረስ ከሜዳው አልተባረረም፤ በደረሰው ርቀትም አልተለካም። ወጣት ፈረስ የሚደፍረው እንዲህ የሚችለው ሲሰጠው ይመስለኛል። ኢብን ዑመር ራሳቸውም ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነበሩ።