ጭንቅላቱን ብረት የበሳው ሰው እንዴት ሠረገላ ነጂ ሆነ?

ጭንቅላቱን ተጎድቶ የተረፈ ልጅ ወይም ባል ያላችሁ ሰዎች ደጋግማችሁ የምትነግሩኝ ነገር አለ፦ «ዶክተር፣ ቁስሉስ ድኗል፤ ሰውየው ግን ያ ሰው አይደለም። ሻይ ጥዶ ስልክ ካነሳ ረስቶት ማንቆርቆሪያው ያራል።» ዛሬ መልሴን ከአንድ የቆየ ታሪክ ልጀምር።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1848 ነው። አሜሪካ፣ ቬርሞንት ውስጥ ሠራተኞች ለባቡር ሐዲድ ዐለት በባሩድ ይፈነቅላሉ። አለቃቸው ፊኒየስ ጌጅ የ25 ዓመት ወጣት ነው። ባሩዱን በብረት ዘንግ ሲጠቀጥቅ ድንገት ፈነዳበት። ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝመውና 6 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ዘንግ በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። አልሞተም። ጥቂት ቆይቶ እየተናገረ፣ በበሬ ጋሪ ላይ ተቀምጦ ወደ ማደሪያው ሄደ።

ያከመው ሐኪም ጆን ሃርሎው በ1868 እንደጻፈው፣ ጌጅ ከአደጋው በፊት የጀመረውን የሚጨርስ ሰው ነበር። ከአደጋው በኋላ ግን ዕቅድ ያወጣና ወዲያው ይተወዋል፤ ይቆጣል፣ ይሳደባል። አሠሪዎቹም አልመለሱትም። እኛ ተማሪ ሳለን ታሪኩን እዚህ ላይ ነበር የምናቆመው። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ዋናው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጌጅ በ1852 ወደ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት ፈረስ ሲንከባከብና በስድስት ፈረስ የሚጎተት የመንገደኞች ሠረገላ ሲነዳ ኖረ። እስቲ አስቡት፤ ልጓሙን ይይዛል፣ መንገዱን ያያል፣ ፈረሶቹን ይከታተላል፣ ያውም በሰው አገር። ሁለት ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ማለት ይኸው ነው። የታሪክ ተመራማሪው ማልኮልም ማክሚላን፣ ሥራው በየቀኑ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መደጋገሙ ጌጅን መልሶ አቅንቶታል ብለው ይከራከራሉ። ስለ ጌጅ የቀረን ማስረጃ ትንሽ ስለሆነ መማል አይቻልም፤ እኔን ግን ያሳምነኛል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ኩርት ጎልድስታይን ፍራንክፈርት ላይ አንጎላቸው የተጎዳ ወታደሮችን ሲያክም የሥራ ልምምድን ከሕክምናው ጋር አያይዞት ነበር።

እናንተም ቤት ውስጥ ከአንድ ነገር ጀምሩ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ይሁን፣ የሥራው ቅደም ተከተል ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሽንኩርት መላጥ ከሆነ ሽንኩርት መላጥ ብቻ። ያለ ስህተት መጨረስ ሲለምድ ሬዲዮ በዝግታ ክፈቱለት፤ ቀጥሎ እየላጠ ያጫውታችሁ። ስህተቱ ከበዛ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። የተጎዳ አንጎል ቶሎ ይደክማል፣ ስለዚህ በመካከል ይረፍ። «ሰነፍክ» አትበሉት፤ ስንፍና አይደለም። ተማሪ ከሆነም ለመምህሩ ንገሩ፤ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ትእዛዝም አንድ በአንድ ይሰጠው።

ጌጅ ከአደጋው 11 ዓመት ካለፈው በኋላ ያንቀጠቅጠው ጀመር፤ በ1860 ካሊፎርኒያ ውስጥ እናቱ ዘንድ ሳለ ሞተ። እናንተ ቤትም መንቀጥቀጥ ወይም ራስን መሳት ከታየ፣ አደጋው ዓመታት ያለፉት ቢሆን እንኳ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ውሰዱት። መኪናም ሆነ ሞተር መንዳት ከፈለገ መጀመሪያ ሐኪሙ ይየው።