ሐኪምና አጫሽ ታካሚው

ሐኪም አጫሽ ታካሚውን መምከሩ የሕክምና ሥራ አካል ሆኖ የተቆጠረው በቅርብ ዘመን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት በብሪታንያም ሆነ በአሜሪካ ከሐኪሞች ብዙዎቹ ራሳቸው ያጨሱ ነበር፤ በ1946 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የካሜል ሲጋራ አምራች ከሌላው ሁሉ ይልቅ ሐኪሞች የሚመርጡት የእርሱን ሲጋራ እንደሆነ በማስታወቂያ ያስነግር ጀመር።

ይህን ልማድ ያናጋው ከለንደን ሆስፒታሎች የተነሣ ጥናት ነው። ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል በሳንባ ካንሰር የታመሙትን በሌላ ሕመም ከተኙት ጋር አነጻጽረው በ1950 ያሳተሙት ውጤት ጣቱን ወደ ሲጋራ የቀሰረ ሲሆን፣ ዶል ራሱም በጥናቱ ምክንያት ማጨሱን ተወ። በ1951 ሁለቱ ተመራማሪዎች የማጨስ ልማዳቸውን የሚጠይቅ ደብዳቤ ለአገሪቱ ሐኪሞች ልከው ወደ 40,000 ከሚጠጉት መልስ አገኙ። ሐኪሞች የተመረጡት ስማቸው በሙያ መዝገብ ስለሚገኝና ሲሞቱም የሞታቸውን ምክንያት መከታተል ስለሚቀል ነበር፤ ምርጫው ግን ሌላም ፍሬ አፈራ፤ በጥናቱ የሚቆጠረው ሞት የባልደረቦቻቸው መሆኑን ያዩ ሐኪሞች ከሕዝቡ ፈጥነው ሲጋራ መተው ያዙ። ራሱ የሚያጨስ መካሪ ምን ያህል እንደሚሰማ መገመት አያዳግትም።

የምክሩ ጉልበት በቁጥር የተለካው ግን ዘግይቶ ነው። ማይክል ራስል ከባልደረቦቹ ጋር በ1979 ባሳተመው የለንደን ጥናት፣ ጠቅላላ ሐኪሞች ለአጫሽ ታካሚዎቻቸው የአንድ ወይም የሁለት ደቂቃ ምክር ሰጥተው፣ በራሪ ጽሑፍ አክለውና በኋላ እንደሚጠየቁ አስጠንቅቀው ሲያሰናብቷቸው፣ በወሩ ውስጥ አቁመው እስከ ዓመቱ የዘለቁት 5.1 በመቶ ሲሆኑ ምንም ካልተደረገላቸው መካከል ግን 0.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም፣ ጠቅላላ ሐኪሞች ሁሉ ይህን ቢያደርጉ የሚገኘውን ውጤት በጊዜው የነበሩትን 50 ያህል የሱስ ማስተዊያ ክሊኒኮች ወደ 10,000 በማሳደግ እንኳ ማግኘት እንደማይቻል ራስል አስልቷል።

ተኝቶ የሚታከም ሕመምተኛ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ማጨስ በተከለከለበት ክፍል ሳይወድ ይታቀባል፣ ሕመሙም ልቡን ለምክር ይከፍተዋል፤ ከሆስፒታል ሲወጣ ግን ሱሱ ደጁ ላይ ይጠብቀዋል። ኋላ የተሰባሰቡ ጥናቶች ያረጋገጡትም በአልጋ ላይ የተጀመረ ድጋፍ ውጤት የሚያመጣው ከወጣ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ሲቀጥል መሆኑን ነው። ስለዚህ ታካሚውን መክሮ በዚያው የሚያሰናብት ሆስፒታል ሥራውን በእንጥልጥል ይተወዋል።