ከፖንቴ ማሞሎ እስከ ኤውር፦ የኢትዮጵያ ጎራዴዎችና ሾተሎች በሮም

በሮም ከተማ ሰሜን ምሥራቅ፣ የአኒዬኔ ወንዝ የቲቡርቲናን ጎዳና በሚያገኝበት አካባቢ ፖንቴ ማሞሎ የሚባል ሠፈር አለ። ስሙን የወረሰው በወንዙ ላይ ከነበረው ጥንታዊ ድልድይ ነው። ብዙ የአፍሪካ ቀንድ ስደተኞች ግን ሠፈሩን የሚያስታውሱት በሌላ ምክንያት ነው። በሜትሮ ጣቢያው አቅራቢያ ኤርትራውያን፣ ኢትዮጵያውያን፣ ዩክሬናውያንና የላቲን አሜሪካ ሰዎች ለዓመታት ተጠልለውበት የነበረው የጎጆዎች መንደር ግንቦት 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በቡልዶዘር ፈርሷል።

ከዚያ ጣቢያ የሚነሣው የሮም ሜትሮ ሁለተኛ መሥመር ከተማዋን አቋርጦ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በቴርሚኒ፣ በቺርኮ ማሲሞና በኤውር ያልፋል። ከኢትዮጵያ ወደ ሮም የተጓዙ የጦር ዕቃዎችንና ሐውልቶችን ታሪክ መከታተል የሚሻ ሰው ባቡር ሳይቀይር ሦስቱንም ቦታ ሊያይ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የጥንት ሰይፍ፣ ጎራዴና ጩቤ መሰብሰብ ምን እንደሆነ፣ የኢትዮጵያ ሰይፎች ከሌሎች በምን እንደሚለዩ፣ እንዲሁም አንድ ሰብሳቢ ዕቃው የማን እንደነበረ የመጠየቅ ግዴታው ከየት እንደሚመነጭ ያብራራል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተጠቀሰ በቀር ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቴርሚኒ የተመዘዘው ሰይፍ

የቴርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። ስሙ በ1887 በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር ለተደመሰሱት የኢጣልያ ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ከአደባባዩ ጥቂት ርምጃ ራቅ ብሎ ለእነርሱ የቆመው ሐውልት ይገኛል። ፋሺስቶች አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ በለገሃር ቆሞ የነበረውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ነቅለው ወስደው በዚሁ መታሰቢያ ሥር አቆሙት።

ሰኔ 8 ቀን 1930 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ የተባለ ወጣት በዚያ አንበሳ ፊት ተንበርክኮ ጸለየ። ዘርዓይ በሐማሴን በሐዘጋ አካባቢ የተወለደ ኤርትራዊ ሲሆን፣ ወደ ኢጣልያ የሄደው በግዞት ለተወሰዱ የኢትዮጵያ መኳንንት አስተርጓሚ ሆኖ ነበር። ጸሎቱን ሊያቋርጡ የሞከሩ ሰዎች በቀረቡት ጊዜ ሰይፉን ከአፎቱ መዘዘ። በአገር ቤት ሲነገር የኖረው ታሪክ ብዙ ፋሺስቶችን እንደገደለ ይተርካል፤ የኢጣልያ መዛግብት የሚያወሱት ግን የቆሰሉ ሰዎችን ነው። ፍርድ ቤት ከማቅረብ ይልቅ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው ብለው በሲሲሊ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ አስገቡት፤ እዚያው ሳለም በ1945 ሞተ። እውነት ሕመም ነበረበት ወይስ ድርጊቱ ፖለቲካዊ መሆኑን ላለመቀበል የተፈጠረ ምክንያት ነው የሚለውን የኢጣልያ ታሪክ ጸሐፊዎች ራሳቸው ጠይቀውበታል። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ከመርከቦቹ አንዷን በስሙ ሰይሞ ነበር። የአንበሳው ሐውልትም በ1960ዎቹ ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል።

ይህ ታሪክ ስለ ሰይፍ ስብስብ በሚወራበት ጊዜ ሁሉ ሊነሣ የሚገባው ነው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ቁጥር ተለጥፎበት የተኛ ጎራዴ የሰው እጅ የነበረ ዕቃ መሆኑን የሚያስታውስ ሌላ የዚህን ያህል የጎላ ምሳሌ በሮም የለም።

ሾተል፣ ጎራዴና ጊሌ

በአማርኛ ሰይፍ፣ ጎራዴ፣ ሻምላና ሾተል የሚሉት ቃላት ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ምትክ ይነገራሉ። ሰብሳቢዎች ግን ለይተው ነው የሚያዩአቸው።

ሾተል እንደ ማጭድ በእጅጉ የጎበጠ፣ በሁለቱም በኩል ስለት ያለው ሰይፍ ነው። ከእጀታው እስከ ጫፉ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። እጁን የሚከልል መስቀለኛ ብረት የለውም፤ እጀታው ቀለል ያለ እንጨት ወይም ቀንድ ነው። የጉብጠቱ ጥቅም ግልጽ ነው፤ ባላጋራ ጋሻውን ከፍ አድርጎ ሲከላከል የሾተሉ ጫፍ ጋሻውን ዞሮ ሊወጋው ይችላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኙ አውሮፓውያን ይህን መሣሪያ ለመያዝ የማይመች አድርገው አይተውታል። ነገር ግን የጎራዴ ግጥሚያን በአውሮፓ ሥርዓት ብቻ የለካ ተመልካች ከጉማሬ ወይም ከጎሽ ቆዳ የተሠራ ክብ ጋሻ የያዘ ተዋጊ ምን እንደሚያስፈልገው ለመፍረድ አይመችም።

ጎራዴ ከሾተል ይልቅ ለዘብ ያለ ጉብጠት ያለው፣ አንዳንዴም ቀጥ ያለ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስገርም ነገር አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ከተሠሩት የኢትዮጵያ ጎራዴዎች ብዙዎቹ ስለታቸው የመጣው ከአውሮፓ፣ በተለይም የጀርመን የሰይፍ ከተማ ከሆነችው ከዞሊንገን ነው። ብረቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ስምና የአማርኛ ወይም የግእዝ ጽሑፍ በአሲድ ተቀርጾበት ይመጣል። እጀታውን፣ አፎቱንና ጌጡን የሚሠራው ግን የአገሬው ባለ እጅ ነበር። ስለዚህ «ስለቱ የጀርመን ስለሆነ ኢትዮጵያዊ አይደለም» የሚለው አስተያየት ስሕተት ነው። በኢትዮጵያ እጅ ተሰክቶ፣ በኢትዮጵያ ቆዳ ተለብጦ፣ በኢትዮጵያዊ ወገብ ላይ የዋለ ጎራዴ ነው።

አታጣጠቁም የራሱ መለያ አለው። ግራ እጅ ጋሻ ስለሚይዝ የኢትዮጵያ ተዋጊ ሰይፉን የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነበር። አሮጌ ፎቶግራፍ ወይም የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያጠና ሰው ይህን ሊያስተውል ይገባል፤ ፎቶግራፉ ተገልብጦ መታተሙን የሚያጋልጠው አንዳንዴ ሰይፉ ነው። በቤተ መንግሥት ሥርዓት የንጉሡን ሰይፍ የሚይዘው ሰው ሰይፍ ጃግሬ፣ ጋሻውን የሚይዘው ደግሞ ጋሻ ጃግሬ ይባል ነበር። ሁለተኛው ስም ዛሬ የባለሥልጣን ተከታይን ለመንቀፍ ሲያገለግል፣ የመጀመሪያው ከቋንቋው ሊጠፋ ደርሷል።

ጊሌ የአፋር ጩቤ ነው፤ ሰፊ፣ ባለ ሁለት ስለትና ጎበጥ ያለ ሲሆን በወገብ ፊት ለፊት ይታጠቁታል። ከቀይ ባሕር ማዶ ካለው የየመን ጃምቢያና ከዖማን ኸንጀር ጋር ዝምድናው በዓይን ይታያል። በምዕራብ በኩል ደግሞ የሱዳን ካስካራ አለ፤ ቀጥ ያለ፣ ባለ ሁለት ስለት፣ መስቀለኛ መከታ ያለው ሰይፍ። በከሰላ የሚገኙ ቀጥቃጮች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከመኪና ባሌስትራ እየቀጠቀጡ ይሠሩት ነበር። ባሌስትራ የሚለው ቃል ራሱ በኢጣልያንኛ የቀስት መሣሪያ ስም መሆኑ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው።

ከእስያ ከሚሰበሰቡት መካከል የጃፓን ካታና፣ የኢንዶኔዥያ ክሪስ፣ የሕንድ ታልዋርና የፋርስ ሻምሺር ዋነኞቹ ናቸው። ክሪስን ዩኔስኮ በ2005 ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ ብሎ አውጆታል። ጃፓን ውስጥ አንድ ካታና የሚታወቀው በሠሪው ስም ነው፤ አንጥረኛው ስሙን በእጀታው ሥር በተሸፈነው ብረት ላይ ይቀርጻል። በኢትዮጵያ የሰይፍ ሠሪዎች ስም አልተጻፈም። ብረት ቀጥቃጭ ይፈራና ይገለል እንደነበር ለሚያውቅ አንባቢ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ንጉሡ የሸለመው መስፍን ስም ሲመዘገብ፣ እጀታውን የጠረበው ሰው ስም ሳይጻፍ ቀርቷል።

ስብስቦቹ የት ናቸው?

በኢጣልያ የእስያን የጦር ዕቃ ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ፍሎረንስ ስቲበርት ሙዚየም ወይም ወደ ቬኒስ የምሥራቅ ጥበብ ሙዚየም ይሄዳል። የአፍሪካው ታሪክ ግን የተለየ ነው። ፋሺስቱ መንግሥት በሮም ያደራጀው የቅኝ ግዛት ሙዚየም የጦር መሣሪያን ጨምሮ ከሊቢያ፣ ከኤርትራ፣ ከሶማልያና ከኢትዮጵያ የመጡ ዕቃዎችን ለገዢነት ማሳያ ሰብስቦ ነበር። ሙዚየሙ ከተዘጋ በኋላ ስብስቡ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በሣጥን ታሽጎ ከሕዝብ ዓይን ርቆ ኖረ። በ2017 12 ሺህ ገደማ የሚሆኑት ዕቃዎች በኤውር ወደሚገኘው የሥልጣኔዎች ሙዚየም ተዛወሩ፤ ሙዚየሙም ከ2023 ጀምሮ የቅኝ ግዛቱን ታሪክ የሚመረምር ዐውደ ርእይ ከፍቷል። ዕቃዎቹ እንዴት እንደተገኙ መናገር መጀመሩ ዘግይቷል፤ ቢሆንም ዝም ከማለት ይሻላል።

ከሙዚየሙ ውጭ ያለው ብዛት ግን ተቆጥሮ የሚያልቅ አይደለም። በ1935 እና በ1936 ከዘመቱት ወታደሮች ብዙዎቹ ጎራዴ፣ ጋሻና ጦር ለመታሰቢያ ይዘው ተመልሰዋል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በፊትም ሆነ በኋላ የነበረው ትጥቅ የማስፈታት ዘመቻም ብዙ መሣሪያ ከየቤቱ አውጥቷል። ዛሬ የልጅ ልጆች የአያታቸውን ቤት ሲያጸዱ ዕቃው ወደ ገበያ ይወጣል። እሑድ እሑድ በሮም ፖርታ ፖርቴዜ በሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያም ሆነ በጨረታ ቤቶች «የአቢሲንያ ሳንጃ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ጎራዴ ማግኘት አያስገርምም። አንዳንዱ ስለት ሁለት ጊዜ ተጉዞ ሊሆን ይችላል፤ በአድዋ የተማረከ የኢጣልያ ሰይፍ በኢትዮጵያ እጀታ ተገጥሞለት፣ ከ40 ዓመት በኋላ እንደ ምርኮ ወደ ኢጣልያ የተመለሰ።

ከመግዛት በፊት

በኢጣልያ ሕግ ሹልና ስለት ያለው ሰይፍ የጦር መሣሪያ ነው። ያገኘው ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ወይም ለካራቢኒዬሪ ማስታወቅ አለበት። ከ1890 በፊት የተሠሩ መሣሪያዎች ጥንታዊ ተብለው ሲመደቡ፣ ከ8 የሚበልጡ ጥንታዊ መሣሪያዎችን ለመያዝ የስብስብ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይዞ በመንገድ መሄድ ግን ፈጽሞ የተለየ ጉዳይ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ በእጁ ያልጸና ስደተኛ በአውቶቡስ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጎራዴ ይዞ ቢገኝ የአያት ቅርስ ነው ማለቱ ብቻውን አያድነውም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ እጀታው ነው። ምርጥ የሚባሉት የኢትዮጵያ ጎራዴዎች እጀታቸው ከአውራሪስ ቀንድ የተጠረበ ነው። ጥቁር አውራሪስ ዛሬ ከኢትዮጵያ እንደጠፋ ይታመናል፤ በ1970ዎቹና 80ዎቹ የየመን ጃምቢያ ፍላጎት በአፍሪካ አውራሪስ ላይ ያደረሰው ጥፋትም የታወቀ ነው። እንስሳው ከ1977 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ጥብቅ ክልከላ ውስጥ ስላለ፣ እንዲህ ያለውን ጎራዴ ያለ ሰነድ ድንበር ማሻገር ዕቃውንም ነጻነትንም ሊያሳጣ ይችላል። ከኢትዮጵያ ማውጣትም እንዲሁ ነው፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል።

ዕቃውን ራሱን ለመመርመር ትዕግሥት ይበቃል። ጽሑፉን ማንበብ ከሁሉ ይቀድማል፤ ፊደሉ የተዛባ ወይም ቃሉ ትርጉም የለሽ ከሆነ ለቱሪስት የተሠራ ሊሆን ይችላል። በእጀታው አናት ላይ የብር ክዳን ካለ ምናልባት ከማርትሬዛ ብር የቀለጠ ነው። አፎቱ ከስለቱ ጉብጠት ጋር ካልገጠመ ሁለቱ በኋላ የተጋቡ ናቸው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ግን ከሁሉ የከፋ ጥፋት ነው፤ የአሲዱ ቅርጽ አብሮ ይጠፋል፤ ከቅርጹም ጋር ዘመኑን የሚነግረው ምስክር።

የማን ነበር?

ከሕጉ በላይ ያለው ጥያቄ ይህ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ለመሸከም 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገዋል። ከዚያ ከተበተነው ውስጥ አንድ ጋሻ በ2024 በኒውካስል ለጨረታ ቀርቦ ተቃውሞ ሲነሣ ከጨረታው ተነሥቶ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ አዲስ አበባ ገብቷል። ጋሻውን ያስመለሰው ጨረታውን የተቃወሙ ሰዎች ያሰሙት ድምፅና ሊገዙት የተነሡ ኢትዮጵያውያን ጥረት ነው።

ኢጣልያን በተመለከተ የተጻፈ ግዴታ አለ። በ1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል አንቀጽ 37 ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ጀምሮ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ የጥበብ ሥራዎች፣ ሃይማኖታዊ ዕቃዎች፣ መዛግብትና ታሪካዊ ዋጋ ያላቸው ነገሮች በ18 ወር ውስጥ እንዲመለሱ ያዛል። በቺርኮ ማሲሞ ጣቢያ አጠገብ ቆሞ የነበረው የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ2005 ነው። «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን በ2024 ገብታለች። ውሉ ስለ መንግሥት እንጂ በግለሰብ ሳሎን ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ ጎራዴ በዝርዝር አይናገርም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ዕቃ መመለስ በያዘው ሰው ኅሊና ላይ ወድቋል።

በዚህ ጉዳይ በሮም የሚኖር ሐበሻ ሰብሳቢ ማንም የማይተካው ሥራ ሊሠራ ይችላል። ሻጩን «ከየት አገኘኸው?» ብሎ በኢጣልያንኛ ይጠይቃል፤ በስለቱ ላይ ያለውን ግእዝ ያነባል። ሻጩ አያቱ የዘመቱበትን ቦታ፣ የጦር ክፍላቸውን ስም፣ አብሮ የተገኘ ፎቶግራፍ ወይም ደብዳቤ ካለው ያንን መዝግቦ ከጎራዴው ጋር ማኖር ይገባል። ጎራዴውና ፎቶግራፉ ለየብቻ ከተሸጡ ዳግመኛ አይገናኙም። ስም የተጻፈበት ዕቃ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩን ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም በስድስት ኪሎ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ማሳወቅ ይቻላል። በአገር ቤት አያታቸው የታጠቀውን ጎራዴ በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቁ ቤተሰቦች አሁንም አሉ።