የማን እጅ ነው?

ከጓደኛችሁ ጋር ሥዕል ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ሳይቆይ «ይኼ የእኔ፣ ያ የአንተ» ይመጣል። ሶፊ ቶይበርና ዣን አርፕ በ1915 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ላይ ሲተዋወቁ አውሮፓ በጦርነት ትነድ ነበር። እሷ የጥልፍና የሽመና መምህርት ነበረች፤ ለዓመታት ሁለቱንም ያኖራቸው ደመወዟ ነው። በ1918 አራት ማዕዘን ወረቀቶችን አብረው እየለጠፉ፣ ሰውም ዛፍም የማይታይበት አብስትራክት ሥዕል ሠሩ። የሚቆርጡት በመቀስ ሳይሆን በወረቀት መቁረጫ ማሽን ነበር፤ መቀስ የቆራጩን እጅ ያሳብቃላ! እኔ ብሆን ጥጉ ላይ ስሜን ሳልጽፍ የማልፍ አይመስለኝም።

በ1922 ተጋቡ። በጥር 1943 ሶፊ በተኛችበት ክፍል የምድጃ ጭስ መርዟት ሞተች። ከዓመታት በኋላ አርፕ አብረው ከሣሏቸው ሥዕሎች አንዳንዶቹን ቀደዳቸው፤ ቁርጥራጮቹንም እንደገና አጣብቆ ሌላ ሥዕል ሠራባቸው።