የፍራንክሊን ልጅና የክትባት ሚዛን

በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች አንዱ ሁልጊዜ ይመላለሳል፦ «ዶክተር፣ ክትባቱ ልጄን ቢጎዳውስ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። አዲስም አይደለም፤ 300 ዓመት አልፎታል። ዛሬ ከታሪኩ ልጀምርላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1721 የአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ ውስጥ ፈንጣጣ ገባ። ያኔ ክትባት የሚባል ነገር አልነበረም። ነገር ግን ከአፍሪካ በባርነት የተወሰደ ኦኒሲመስ የሚባል ሰው፣ ኮተን ማዘር ለተባለው ቄስ ጌታው በሀገሩ የሚደረገውን ነግሮት ነበር፦ ከታማሚ ቁስል ትንሽ መግል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ ጫር አድርጎ ማስገባት። ሰውየው ቀለል ያለ ሕመም ይታመምና ከዚያ በኋላ ፈንጣጣ አይዘውም። (በእኛም ሀገር የባህል ሐኪሞች ይህንኑ ያደርጉ ነበር።) ዛብዲየል ቦይልስተን የተባለ ሐኪም ዘዴውን መጀመሪያ የሞከረው በገዛ የ6 ዓመት ልጁና በቤቱ በነበሩ ሁለት ባሮች ላይ ነው። ባሮቹ እምቢ የማለት መብት እንዳልነበራቸው አትርሱ። ከተማው ተቆጣ፤ ቄሱ ቤት ውስጥ ቦምብ እስከመወርወር ተደረሰ።

ወረርሽኙ ሲያበቃ ተቆጠረ። ከታመሙት ወደ 6,000 ሰዎች 844ቱ ሞተዋል፤ ከሰባት አንድ ማለት ነው። ቦይልስተን ዘዴውን ካደረገላቸው ከ240 በላይ ሰዎች ደግሞ 6 ሞተዋል፤ ከአርባ አንድ ገደማ። አደጋ የለውም ያለ ሰው ዋሽቷል፤ ግን የትኛው እንደሚከፋ ቁጥሩ ይናገራል።

ከ15 ዓመት በኋላ ፊላደልፊያ ውስጥ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ይህንን ቁጥር ያውቅ ነበር፤ ዘዴውንም ይደግፍ ነበር። የ4 ዓመት ልጁን ፍራንሲስን ሊያስደርግለት አስቦ ሳለ ልጁ ተቅማጥ ያዘው። እስኪያገግም እንጠብቅ ተባለ። በዚህ መሀል ፈንጣጣው ቀደመና ልጁ በ1736 ሞተ። ይባስ ብሎ ሰው «ያንን አስደርጎለት ነው የሞተው» ብሎ አወራ፤ አባትየው ከነሐዘኑ በራሱ ጋዜጣ ላይ ማስተባበያ ለማውጣት ተገደደ። በሽምግልናው የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍም ጸጸቱ አለቀቀውም ነበር። ባስከትብና ቢሞትብኝ ራሴን ይቅር አልልም ለሚሉ ወላጆች፣ ባለማድረግም ያው ጸጸት እንዳለ ጽፎላቸዋል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ሚዛኑ አንድ ቦታ ላይ አይቆምም። ከ1796 ጀምሮ፣ ኤድዋርድ ጄነር በላም ፈንጣጣ መከተብን ካሳየ በኋላ አደጋው እጅግ ቀነሰ፤ ዜሮ ግን አልሆነም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚከተቡ አንድ ሚሊዮን ሰዎች አንድ ያህሉ ይሞት ነበር። በሽታው ከአሜሪካ ጠፍቶ ስለነበር ያች ሀገር በ1972 ሕፃናትን በመደበኛነት መከተብ አቆመች። በዚያው ሰሞን፣ ከ1971 ጀምሮ፣ በኢትዮጵያ ከታቢዎች በእግርና በበቅሎ ገጠር ለገጠር ይዞሩ ነበር፤ ምክንያቱም በሽታው እኛ ጋ ነበረ። በሀገራችን የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1976 ነው። በቀጣዩ ዓመት ሶማሊያ ላይ ዓለም ከበሽታው ተገላገለ። ዛሬ ልጃችሁን ፈንጣጣ የሚከትብ የለም፤ ጥቅሙ ስላለቀ አደጋው አያስፈልግም።

ኩፍኝ ግን አልጠፋም። ከኩፍኝ ክትባት በኋላ በሳምንት ገደማ ትኩሳትና ቀላል ሽፍታ ሊመጣ ይችላል። ከብዙ ሺህ ልጆች አንዱ ከትኩሳቱ የተነሳ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል፤ ያስደነግጣል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ሳይተው ያልፋል። ከባድ አለርጂ የሚያጋጥመው ከሚሊዮን አንድ ገደማ ነው። በሽታው ራሱ ከያዘው ግን ከ20 ልጆች አንዱ የሳንባ ምች፣ ከ1,000 አንዱ የአንጎል ብግነት ሊይዘው ይችላል፤ በምግብ እጥረት በተጎዳ ልጅ ላይ ደግሞ እጅግ ይከፋል። ለዚህ ነው በ9 ወርና በ15 ወር አስከትቡ የምንለው።

የፍራንክሊንን ተቅማጥ ያነሳሁት በምክንያት ነው። ቀላል ተቅማጥ ወይም ጉንፋን ዛሬ ቀጠሮ ለማራዘም አያበቃም። ልጁ በጠና ከታመመ፣ ከዚህ በፊት ከክትባት በኋላ ከባድ አለርጂ አጋጥሞት ከነበረ፣ ወይም የመከላከል አቅሙን የሚያዳክም ሕመም ወይም መድኃኒት ካለው ግን ከመወጋቱ በፊት ለባለሙያው ንገሩ። ከተከተበ በኋላ ለ15 ደቂቃ ያህል እዚያው ጤና ጣቢያው ቆዩ፤ ካርዱንም ይዛችሁ ሂዱ።