«ድህነት ወንጀል ነውን?»፦ የሾላው ካምፕና የ1958ቱ ተማሪዎች

በአገራችን ተማሪና ለማኝ ለብዙ ዘመን የተለያዩ ሰዎች አልነበሩም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከደጅ ደጅ እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ውሻ ያባርረዋል፤ ደግ እናት ከገጠመችው ቁራሽ ታቀብለዋለች። ማታ ወደ የኔታ ተመልሶ ቀለሙን ይቀጽላል፤ የሚያድረውም በገዛ እጁ በቀለሳት የሣር ጎጆ ነው። ረሃብ፣ ብርድና የሰው ፊት ማየት ከዜማውና ከቅኔው ጋር አብረው የሚሰጡ ትምህርቶች ነበሩ። ይህ ሰው አድጎ መሪጌታ ሲሆን፣ ደጅ ላይ የቆመ ድሃ ምን እንደሚሰማው ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር።

ዘመናዊው ተማሪ ግን ሌላ ዕድል ገጠመው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ሲመረቅ መቀመጫው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ሆነ። የስድስት ኪሎ ተማሪ ቤተ መንግሥት በነበረ ግቢ ይማራል። ድሃው ከበሩ ውጭ ነው። ስለዚህ ድህነትን ለማወቅ እንደ ቆሎ ተማሪው መኖር ሳይሆን ወጥቶ ማየት ነበረበት።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባም መልኳን እየለወጠች ነበር። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። ከተማይቱ የእንግዳ ከተማ ሆነች። እንግዳ የሚመጣበት ቤት ደግሞ ይጠረጋል። ችግሩ የሚጠረገው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ዛሬ ሾላ ሲባል ትዝ የሚለን ገበያው ነው። ያኔ ግን ሰፈሩ የከተማው ዳር ሲሆን፣ ከየጎዳናው የተለቀሙ ለማኞችና ማደሪያ የሌላቸው ድሆች የሚታጎሩበት ካምፕ ነበረበት። የካምፑ ወሬ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ደረሰ። ተማሪዎች ስፍራው ድረስ ሄደው አዩ፤ ያዩትንም ለጓደኞቻቸው ነገሩ። በ1958 ዓ.ም. ተማሪው ሰልፍ ሲወጣ የያዘው መፈክር አጭር ጥያቄ ነበር፦ «ድህነት ወንጀል ነውን?»

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ «መሬት ለአራሹ» ተብሎ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች አብዝተው የሚያነሡት ያንን ነው፤ እውነትም አገር የለወጠ መፈክር ነው። የሾላው ጥያቄ ግን ለእኔ የተለየ ክብደት አለው። ማኅበረሰባችን ለድሃ እጁ ፈታ ያለ ነው፤ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ ምጽዋት አይቋረጥም። ይሁንና ምጽዋት የሚጠይቀው «ማን ይስጠው?» ብሎ ነው። ተማሪዎቹ «ማን አጠረበት? ምንስ አጥፍቶ?» አሉ። ለማኙ የሚታዘንለት ምስኪን ብቻ መሆኑ ቀርቶ መብት ያለው ሰው ሆኖ የቀረበው በዚህ ጥያቄ ነው።

ከዚያ በኋላ የተማሪው ዓይን እየሰፋ ሄደ። በዩኒቨርሲቲው የአገልግሎት ደንብ መሠረት ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየሄዱ አገለገሉ፤ አብዛኞቹም አስተማሩ። በ1965 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው ወደ ወሎ የሄዱ መምህራን የረሃቡን ፎቶግራፎች ይዘው መጥተው በግቢው ውስጥ አሳዩ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደግሞ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማሩ። ይህኛው ግን መንግሥት ያዘዘው እንጂ በፈቃድ ብቻ የተሄደበት አልነበረም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወረሰ። አዋጁ ተከራዩን አሰበ፤ ኪራይ የሚከፍልበት ቤት እንኳ ያልነበረው በረንዳ አዳሪ ግን እዚያው በረንዳው ላይ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸሽግ መናገር ይገባል። ጥያቄው በገዘፈ ቁጥር ሰውየው እያነሰ ሄደ። በሾላ አጥር ውስጥ ፊቱ የታየው ለማኝ፣ በኋላ በወረቀት ላይ «ጭቁን ሕዝብ» የሚል አንድ ቃል ሆነ። ያ ዘመን ሲወሳ የምንሰማውም የተማሪ መሪዎቹን ስም ነው እንጂ በካምፑ ውስጥ የከረሙትን ሰዎች አይደለም።

ዛሬ ወጣቶች በበዓላት ቀን ተሰባስበው እንደ መቄዶንያ ወዳሉ ማዕከላት ይሄዳሉ። አረጋውያንን ያጥባሉ፣ ያጎርሳሉ፣ ልብስ ያለብሳሉ። ይህ የቆሎ ተማሪው ትምህርት በሌላ መልክ መመለሱ ነው፤ ድሃውን በቃል ሳይሆን በእጅ ማወቅ ነው። ሆኖም ያጠቡትን ሽማግሌ ስም ጠይቀው፣ ከየት መጥተው ጎዳና ላይ እንደወደቁ ሰምተው ቢመለሱ መልካም ነው። ወደ ቤታቸው ሲሄዱም የ1958ቱን ጥያቄ ይዘውት ይሂዱ። ጥያቄው ገና አልተመለሰም።