እንግሊዝኛ ዳንግላ ሲገባ

እንግሊዝኛ ዳንግላ የገባው በጠመኔ አይደለም፤ በባንዲራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ሜጀር ቺዝማን የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ እዚያው ተቀምጧል። የመንግሥቱ ዓይን የጣና ውሃ ላይ ነበር፤ ሰውየውም ሐይቁንና ዓባይን ዞሮ ካርታ አነሳ። ያኔ ቋንቋው የቆንስልና የአስተርጓሚ ነበር፤ ገበሬው ምን አገባው?

ጣሊያን በ1941 ከአገር ሲባረር እንግሊዝኛ የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆነ። በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን መጡ። የ1994ቱ ፖሊሲ ደግሞ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ አደረገ፤ አገውኛም የክፍል ቋንቋ ለመሆን በቃ። እንግዲህ የአዊ ልጅ እቤት አገውኛ፣ ገበያ አማርኛ፣ ፈተና ላይ እንግሊዝኛ!

እኛስ? አሥራ ሁለት ዓመት ተምረን ሰዋስው እንተነትናለን፤ መንገድ ጠይቁ ስንባል ግን አፋችን ይተሳሰራል። ለምን? ይህ ቋንቋ ለትእዛዝና ለፈተና መጣ እንጂ ለቡና ወሬ አልመጣልንማ!

ከሰላምታ እንጀምር። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ብለን ሰው እንለያለን፤ እንግሊዝኛ ሁሉንም በአንድ «ዩ» ይጠቀልላል። መምህሩን «ዩ» ለማለት የሚያፍር ጀማሪ ደደብ አይደለም፤ ጨዋ ነው። እኛ ግን ከኋላ ወንበር ሆነን እንስቅበታለን። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? እንግዲያው ያምልጠው፤ ይናገር!

ጓዶች፣ ቆንስሉ ከሄደ ቆየ። በቋንቋው በር ላይ ዘበኛ ሆነን የቀረነው እኛው ነን።